ስለ ቤተ ሰብ ማረፊያ ሆቴል፤ የግሪክ ደሴቶችና የደብረ ታቦር ደጋ

አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን መንገደኞች ከተቀበለበት ዘመን ወዲህ፣ እንግዳን ማስተናገድ በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከበጎ ምግባር ሁሉ በፊት የሚቆጠር ሥራ ሆኖ ኖሯል። የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል በሩን የማይከፍትለት ባላገር በጎረቤቱ ዘንድ ስሙ ይጠፋል። ዳሩ ግን በዛሬው ዘመን እንግዳ የሚባለው እግሩን ታጥቦ፣ እንጀራ ቀምሶ፣ በማግሥቱ መንገዱን የሚቀጥለው ብቻ አይደለም። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፍሎ፣ ዐሥርም ዐሥራ አምስትም ቀን ለማረፍ የሚመጣ ሰው አለ። እንዲህ ላለው እንግዳ ቤት ማሰናዳት በብዙ ሀገር የመንግሥትን ግምጃ ቤት የሚረዳ ትልቅ ሥራ ሆኗል፤ በዚህም ሥራ ስማቸው ከተጠራው አንደኞቹ ግሪኮች ናቸው።

የግሪክ ደሴቶች ስማቸው ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በመርከብ ያለፈባቸው ቆስና ሩድ፣ ደቀ መዝሙሩን ቲቶን የተወባት ቀርጤስ፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ራእዩን ያየባት ፍጥሞ፣ ሁሉም ዛሬ የሀገር ጎብኝዎች ማረፊያ ናቸው። የግሪክ ሕዝብ ቍጥሩ ከ10 ሚሊዮን እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 በአንድ ዓመት ብቻ ወደ ሀገሩ የገባው እንግዳ ከ31 ሚሊዮን በላይ ነበረ። ይኸውም እያንዳንዱ ባላገር፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ሳይቀር፣ በዓመት ሦስት ሦስት እንግዳ አስተናገደ እንደ ማለት ነው።

በእነዚህ ደሴቶች የቤተ ሰብ ሆቴል የሚባለው ቤት ሥርዐቱ እንዲህ ነው። አባት ገና ከሀገሩ ሳይነሣ ለመኝታው፣ ለምግቡ፣ ለመጠጡና ለልጆቹ መጫወቻ በአንድነት አንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ከዚያ ወዲያ እጁን ወደ ኪሱ መስደድ አያስፈልገውም። የወላጆች ክፍልና የልጆች ክፍል በውስጥ በር ይገናኛል። ለሕፃናት ጥልቀት የሌለው የመዋኛ ገንዳ፣ ከፍ ላሉት ሌላ ገንዳ ተለይቶ ተሠርቷል። ከቁርስ በኋላ ልጆቹን ተቀብለው ሥዕል የሚያስተምሩ፣ የሚያጫውቱና የሚጠብቁ ደመወዝተኞች አሉ። ሕፃኑ በራበው ሰዓት ምግብ ይገኛል፤ ቢታመምም ሐኪም የሚጠራ ሰው ከበሩ አይጠፋም።

ጥቅሙን ማቃለል አይገባም። አባት ዐረፈ ሲባል እናት ምግብ ስታበስል፣ ልብስ ስታጥብ፣ ልጅ ስታባብል የምትከርምበት ዕረፍት ለግማሹ ቤተ ሰብ ዕረፍት አይደለም። እናት በቤቷ ሳለች ዕረፍት የሚባለውን ቃል ከመጽሐፍ በቀር አታገኘውም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ልጆቿ በታመነ ሰው እጅ ሆነው እርስዋ ከባልዋ ጋር ቁጭ ብላ በጸጥታ የምትነጋገርበትን አንድ ሰዓት የሚሰጥ ቤት ትልቅ ነገር ሰጥቷል። ደግሞም ዋጋው አስቀድሞ ስለ ታወቀ መካከለኛ ደመወዝ ያለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠ ሊደርስበት ይችላል።

ጉዳቱም ከዚሁ ከጥቅሙ ይወለዳል። ሁሉን በአንድ ዋጋ የከፈለ እንግዳ ከግቢው አይወጣም፤ ምግቡን ከፍሎበታልና በመንደሩ ምግብ ቤት አይበላም፤ ከሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ዓሣ አይገዛም። ስለዚህ በግሪክ ደሴቶች የመንደር ምግብ ቤት ያላቸው ሰዎች «እንግዳው በደጃችን ያልፋል እንጂ ወደ እኛ አይገባም» እያሉ ሲያማርሩ ይሰማሉ። ከትርፉ ብዙው እንግዶቹን በአውሮፕላን አሳፍረው ወደሚልኩት የሩቅ ሀገር ኩባንያዎች ይመለሳል። ሥራውም የበጋ ሥራ ብቻ ነው፤ ከጥቅምት በኋላ ቤቱ ይዘጋል፣ ሠራተኛውም ይበተናል።

የውኃው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ብዙዎቹ ደሴቶች ወንዝ የሌላቸው ደረቅ ምድር ስለ ሆኑ የባሕሩን ውኃ ጨውን እየለዩ ያጠጣሉ፤ የገንዳው ብዛት ግን በየዓመቱ ይጨምራል። የመኖሪያ ቤትም ለጎብኝ በቀን ሒሳብ መከራየት ከጀመረ ወዲህ፣ መንግሥት ወደ ደሴቶቹ የሚልካቸው መምህራንና ሐኪሞች የሚያድሩበት ቤት እያጡ ተቸግረዋል። ሳንቶሪኒ በምትባለው ደሴት የሚኖረው ሕዝብ ወደ 15 ሺህ ሲሆን በፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 የጎበኛት ሰው ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበረ። ከዚህ የተነሣ በመርከብ የሚመጣው መንገደኛ በቀን ከ8 ሺህ እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ከ2025 ሐምሌ ጀምሮም ወደ ሳንቶሪኒና ወደ ሚኮኖስ በመርከብ የሚገባ ሰው በብርቱው የጉብኝት ወራት 20 ኤውሮ ቀረጥ እንዲከፍል ሕግ ወጣ። አስቀድሞ እንግዳ ለመጥራት የደከመ መንግሥት በኋላ እንግዳ ለመቀነስ ደከመ ማለት ነው። በ2023 ሐምሌም በሩድ ደሴት ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ፣ ወደ 19 ሺህ የሚሆን ሰው፣ ብዙው ልጆቹን የያዘ እንግዳ፣ ከመኖሪያና ከሆቴል ወጥቶ በመኪናና በጀልባ እንዲሸሽ ሆነ።

ይህ ሁሉ ለደብረ ታቦርና ለደቡብ ጎንደር ደጋ ምን ይሆነዋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው «ገበታ ለሀገር» በሚባለው ሥራ በጣና ሰሜን ዳርቻ በጎርጎራ ታላቅ ማረፊያ ተሠርቷል፤ በባሕር ዳርም በኩል ከሐይቁ ጫፍ ላይ የተሠሩ መልካም መልካም ሆቴሎች አሉ። የሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ግን፣ ማለት የደራ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም መሬት፣ የደቡብ ጎንደር ነው። ዛሬ ወይም ነገ አንድ ባለገንዘብ ካርታ ዘርግቶ በዚህ ዳርቻ «የግሪክ ደሴት የሚመስል» ቤት ልሥራ ብሎ ለሹማምንቱ ማመልከቻ ቢያቀርብ የሚያስገርም አይሆንም። መልሱን አስቀድሞ ማሰብ ማመልከቻው ከመጣ በኋላ ከመጨነቅ ይሻላል።

ጣና የግሪክ ባሕር አይደለም። የግሪክ ባሕር ጨው ነው፤ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ቢዋኝበት ፀሓይ ካልጎዳችው በቀር ደኅና ነው። በጣና ዳርቻ ግን ብልሃርዝያ የሚባለው በሽታ መኖሩን የሕክምና ሰዎች መርምረው ደጋግመው ጽፈዋል። ይህ በሽታ በውኃው ዳር ከሚኖር ቀንድ አውጣ ወጥቶ በሰው ቆዳ በኩል የሚገባ ትል ነው፤ ይልቁንም በዳርቻው ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚጫወቱትን ልጆች ያገኛቸዋል። ወባም በዚያ አለ፤ ጉማሬም አለ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የታየው እምቦጭ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ ተንሰራፍቶ ዓሣ አጥማጁን መረቡን እስከ ማስጣል አድርሶታል። የፎገራም ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ የሚተኛበት መሬት ነው፤ ለሩዝ የተመቸውም ስለዚህ ነው። በሩዝ ማሳ ላይ የመዋኛ ገንዳ መቈፈር የገበሬውን ጎተራ አፍርሶ የልጅ መጫወቻ እንደ መሥራት ይሆናል።

ከዚህም በቀር የጣና ደሴቶች ባዶ ደሴቶች አይደሉም። ጣና ቂርቆስ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ክብራን ገብርኤል የጸሎት ቦታዎች ናቸው፤ በእነዚህም ገዳማት ሴት እንዳትገባ የቆየ ሥርዐት አለ። በትውፊት እንደሚነገረው እመቤታችን ከልጅዋ ጋር በስደትዋ ጊዜ በጣና ቂርቆስ ዐርፋለች። እንግዲህ በዚህ ሐይቅ ላይ ከተቀመጡት እንግዶች ሁሉ በፊት የሚጠራው እናትና ልጅ ሲሆን፣ ዛሬ ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ የሚመጣ ጎብኝ እነርሱን በጀልባ ላይ አስቀምጦ ከወንድ ልጁ ጋር ብቻ ይገባል። የቤተ ሰብ ሆቴል የሚያቆም ሰው ይህን አስቀድሞ ለእንግዳው ሊነግረው ይገባል፤ ካልነገረው እንግዳው በባሕታውያኑ ደጅ ቆሞ መጣላቱ አይቀርም። ሥርዐቱን ለጎብኝ ምቾት ሲባል ይለወጥ የሚል አሳብ ከአንድ ወገን ቢመጣ ግን ሰሚ ሊያገኝ አይገባም።

በዚህ ነገር ግሪኮች ራሳቸው መልካም ምሳሌ አላቸው። በአቶስ ተራራ ያሉት ገዳማት ሴት እንዳይገባባቸው ከሺህ ዓመት በላይ ጠብቀዋል፤ ሴቶች ያሉበት የጎብኝ ጀልባም ከዳርቻው 500 ሜትር ርቆ ያልፋል። ወደ ተራራው የሚገባው ተሳላሚ በቀን 100 ኦርቶዶክሳውያንና 10 ሌሎች ሰዎች እንዲሆን ተቈጥሯል። ሆቴሎቹ ከድንበሩ ውጭ ናቸው፤ ከድንበሩ አያልፉም። ፍጥሞንም የግሪክ ምክር ቤት በ1981 በፈረንጆች አቆጣጠር ቅዱስ ደሴት ብሎ በሕግ ሰይሟታል። በዚያች ደሴት በ1088 የተመሠረተው የዮሐንስ ገዳም ቆሟል፤ ሆቴልም አለባት፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ግን የላትም። ወደ ፍጥሞ የሚመጣ ሰው በመርከብ ይመጣል፤ በዚህም የተነሣ ቍጥሩ በራሱ መጠን አለው። የጣና ሐይቅና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧልና፣ እንደዚህ ያለ ድንበር ለመወሰን መነሻው አለ፤ የሚቀረው የገዳማቱ አበውና ሹማምንቱ ተቀምጠው ሆቴል የማይደርስበትን ዳርቻ በስም ጠርተው መጻፍ ነው።

ከሐይቁ ፈቀቅ ብሎ ወደ ደጋው ሲወጣ ነገሩ ይለወጣል። ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፤ እንደ ሐይቁ ዳር ወባ አያሰጋትም። ራስ ጉግሣ ከቆረቈሯት ወዲህ እንግዳ ስትቀበል ኖራለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማቸው አድርገዋት ነበር፤ በአጠገቧ ባለው በጋፋት አውሮፓውያን ሠራተኞቻቸው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አፍስሰዋል፤ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማዪቱን አቃጥለው መድፉን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ የሄዱትም ከዚህ ነው። በ1872 ዓ.ም. ጥቅምት ወር እንግሊዛዊው ጎርደን ከግብፅ ተልኮ መጥቶ ዐፄ ዮሐንስን ያገኛቸው በደብረ ታቦር ነው፤ የዚያ እንግድነት ግን ደስታ የነበረበት አይመስልም። የጎንደር ነገሥታት ከከተማቸው እየወጡ ይቀመጡበት የነበረው አሪንጎም ከዚህ ሩቅ አይደለም። እንግዲህ ወደ ደጋው ወጥቶ መሰንበት ፈረንጅ ያመጣው ፈሊጥ አይደለም፤ ነገሥታቱ የሚያውቁት ልማድ ነው።

ይሁንና ደብረ ታቦር በሀገር ጎብኝ ካርታ ላይ ብዙ ጊዜ ተረስታለች። የታሪክ መንገድ የተባለው ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን ይዞ ሲነገር፣ መንግሥትም በየከተማው፣ በባሕር ዳር ጣናን፣ በጎንደር ጎሓን፣ በላሊበላ ሮሃን የመሰሉ ሆቴሎች ሲያቆም፣ ደብረ ታቦር በመካከል ቀረች። አውሮፕላኑ ወደ ላሊበላ ሲበር ያልፋታል። በመኪና የሚሄደውም ቻይናውያን በሠሩት መንገድ ከወረታ ተነሥቶ፣ ደብረ ታቦር ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ ነፋስ መውጫን አቋርጦ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ይጣደፋል። ሻይ ጠጥቶ ያለፈ እንግዳ የሚተወው የሻይ ዋጋ ነው። እርሱን አንድ ሌሊት ማሳደር፣ ቤተ ሰብ ሲሆን ሁለትና ሦስት ሌሊት ማሰንበት፣ ለከተማዪቱ ምን ያህል እንደሚለይ ለመረዳት ብዙ ሒሳብ አያሻም።

ሊያቆየው የሚችል ነገርስ አለ ወይ ቢባል አለ። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ፣ ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ የሚታይበት፣ የርብና የጉማራ ምንጭ ነው። ትንንሽ ልጆችን እስከ ራሱ ማውጣት ግን ትንፋሽ ያሳጥራልና መሪው ሊያስተውል ይገባል። በደራ ወረዳ የዋንዛዬ ፍል ውኃ አለ። በፎገራ አውራ አምባ የሚባለው ማኅበር፣ ወንድና ሴት ሥራን እኩል ተካፍለው የሚሠሩበት፣ የሸማ ሥራቸውን ለእንግዳ ያሳያሉ። በጋይንት በኩል የድጓ መምህራን መፍለቂያ የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ቤት የሆነችው ዙር አባ አሉ። ነገር ግን እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የትምህርት ቤት ናቸው፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ሲቀጽል ፎቶግራፍ ለማንሣት ከጎጆው ደጅ መሰለፍ ነውር ነው። መምህሩ በፈቀደበት ቀንና ሰዓት ብቻ፣ በጥቂት ሰው፣ እንግዳውም በጸጥታ ተቀምጦ ቢያዳምጥ ግን፣ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ የማያገኘውን ነገር ይዞ ይመለሳል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ችግር አለ፤ ይኸውም የወቅቱ ነገር ነው። በግሪክ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ፀሓይ በምታቃጥልበት ወራት ስለ ሆነ፣ ልጅም ባሕርም በአንድነት ይገናኛሉ። በኢትዮጵያ ግን ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩት ኢትዮጵያውያንም ልጆቻቸውን ይዘው ለመምጣት የሚመቻቸው ይኸው ወራት ነው። በዚያን ጊዜ በደብረ ታቦር ደጋ በረዶ ይዘንባል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጉና ለሳምንት ፊቱን አያሳይም። ፈረንጁ ያለ ልጅ የሚመጣበት ከመስከረም እስከ ጥር ያለው ወራት ደግሞ ለልጆች የትምህርት ወራት ነው። ስለዚህ የግሪኩን ቤት ሥዕል ቀድቶ፣ ግቢውን በገንዳና በጃንጥላ ሞልቶ በደብረ ታቦር ቢያቆሙት፣ ቤተ ሰብ በሚመጣበት ወራት ገንዳው የዝናም ማጠራቀሚያ ይሆናል።

ዳሩ ግን ክረምቱን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ባለቤት ለተቀበለው ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል፣ ቡሄ፣ የሚከበረው በዚሁ ወራት ነው፤ ከተማዪቱም ስምዋን የያዘችው ከዚያ ተራራ ነው። ጅራፉ በየኮረብታው ሲጮህ፣ ችቦው ሲበራ፣ ልጆች በየደጁ እየዞሩ ሙልሙል ሲቀበሉ፣ በሩቅ ሀገር ተወልዶ ያደገ ሕፃን ከእኩዮቹ ጋር ሊጫወት የሚችልበት ቀን ነው፤ ለዚህ ቋንቋ እንኳ ብዙ አያስፈልግም። ለእንዲህ ያለው ወራት የሚያስፈልገው ቤት ሰፊ ሰገነት ያለው፣ ጣራው የማያፈስ፣ እሳት የሚነድበት ምድጃ ያለው፣ ልጆች በዝናም ቀን የሚጫወቱበት አዳራሽ ያለው ነው። የፈላ ውኃ፣ ያልተበረዘ ወተት፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ደረቅ ብርድ ልብስ፣ ሕፃን የማይወድቅበት ደረጃ፣ ይህ ሁሉ ከገንዳው ይቀድማል። የጉና ድንችና ገብስ፣ የፎገራ ሩዝ፣ የጣና ቀረሶና አምባዛ፣ የደጋው ማር ከገበያው ሳይርቅ ይገኛልና ምግቡን ከውጭ ማምጣት አያሻም።

ከግሪኮች ሊወሰድ የሚገባው እንግዲህ ትልቁ ግቢ አይደለም። በደሴቶቹ ከትልልቆቹ ሆቴሎች በፊት የነበረ፣ ዛሬም ያልጠፋ፣ «ዶማቲያ» የሚባል ሥርዐት አለ፤ ይኸውም ባለቤቱ በቤቱ አጠገብ ሦስት አራት ክፍል ሠርቶ ለእንግዳ ያከራያል፤ ሚስቱ ቁርስ ታሰናዳለች፤ የቤቱ ሽማግሌ ከእንግዳው ልጅ ጋር ይጫወታል። በዚህ ሥርዐት ትርፉ ከመንደሩ አይወጣም፤ የእንግዳውም ልጅ ከመንደሩ ልጅ ጋር ይተዋወቃል። የግሪክ መንግሥት ደግሞ ከ1950 በፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ክሴኒያ የሚባሉ ሆቴሎችን በየደሴቱና በየከተማው በራሱ ገንዘብ አቁሞ ነበር። ሕንፃቸው የተመሰገነ፣ ከመሬቱ ጋር የተስማማ ነበረ፤ ሥራውም ለግል ባለሆቴሎች መንገድ ከፍቷል። በኋላ ግን ጠባቂ አጥተው ብዙዎቹ ተዘግተው ፈራርሰዋል። ከዚህ የሚታየው መንግሥት ቤት ለመጀመር ብርቱ እንደ ሆነ፣ በየቀኑ የአልጋ ልብስ ለመለወጥ ግን ብርቱ እንዳልሆነ ነው። የጎርጎራው ማረፊያ ከተሠራ በኋላ የሚጠብቀው ፈተናም ይኸው ይሆናል።

በአዲስ አበባ እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያውን ሆቴል ባቆሙ ጊዜ፣ ምግብን በገንዘብ መሸጥ ለሀገሩ ሰው ነውር መስሎት ነበርና፣ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው በልተው ሒሳቡን እንደ ከፈሉ ይነገራል። ያ ነውር ዛሬ ቀርቷል። የቀረው ጥያቄ ትርፉ ለማን ይሁን፣ መሬቱስ ከማን ይወሰድ የሚለው ነው።

ለሆቴል መሬት በተፈለገ ጊዜ አስቀድሞ የሚነሣው ገበሬው ነው። ስለ ካሣና ስለ መልሶ ማቋቋም የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1161/2011 ባለይዞታው ለመልማት በታቀደው መሬቱ ላይ በተናጠል ወይም በቡድን ሆኖ ራሱ ለማልማት ቅድሚያ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ይህ ቃል በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር የሚያደርጉት የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ናቸው። ካሣ ተቀብሎ የተነሣ ገበሬ ገንዘቡ ሲያልቅበት በልጆቹ የሆቴሉን ሻንጣ ያሸክማል፤ በሆቴሉ ድርሻ ያለው ገበሬ ግን ድንቹንም ወተቱንም ልጁንም ወደዚያው በባለቤትነት ይልካል። ውኃውም እንደዚሁ ነው፤ በብዙ ከተሞች ውኃ በፈረቃ በሚሰጥበት ጊዜ ለሆቴል የሚሰጠው መስመር እናቶች በጀሪካን ከሚሰለፉበት ቦኖ የተቀነሰ እንዳይሆን፣ ባለሆቴሉ ጉድጓዱንና የዝናም ውኃ ማጠራቀሚያውን ከሕንፃው ጋር አብሮ ሊሠራ በውል ሊገደድ ይገባል። በዓመት አራት ወር እንዲያ የሚዘንብበት ደጋ የጣራውን ውኃ ለጎርፍ መተው ያሳዝናል።

ስለ ልጆቹም ነገር ዝም ማለት አይገባም። ጎብኝ በበዛባቸው ከተሞች፣ በላሊበላም ሆነ በጎንደር፣ እንግዳውን ተከትሎ እስክሪብቶና ብር መለመን ከትምህርት ቤት ይልቅ የሚያተርፍ መስሎት ደብተሩን የጣለ ልጅ ብዙ ታይቷል። ለእንግዳው ልጅ መዝናኛ የሚሠራ ቤት የመንደሩን ልጅ ከትምህርቱ የሚያፈናቅል ከሆነ የቤተ ሰብ ሆቴል የሚለው ስም የሚገባው ለግማሽ ልጆች ብቻ ነው። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነ የመንደር ልጅ በትምህርት ሰዓት በግቢውም በደጁም እንዳይሠራ መወሰን፣ እንግዳውም ገንዘብ በልጅ እጅ እንዳይሰጥ በግልጽ ማስታወቅ፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥርዐት ነው። በካህናቱ በኩል የሚነሣው ሥጋት፣ ማለት መጠጥ፣ ጭፈራና የጾም መናቅ፣ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢሆንም ለቤተ ሰብ ተብሎ የተሠራ ቤት ሌሊቱን በሙዚቃ ከሚያናውጥ መጠጥ ቤት ይልቅ ለዚህ ሥጋት የራቀ ነው፤ ልጆቹ በጊዜ የሚተኙበት ቤት ጎረቤቱንም ያስተኛል። የጾሙ ምግብ፣ ሽሮውና ምስሩ፣ ሥጋ ለማይበላ የፈረንጅ እንግዳም የሚስማማ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ የሚነገረው መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ነው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ ደርሶ በከተማዪቱ ሴቶች ላይ ብዙ ግፍ ተፈጽሟል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወዲህም በአማራ ክልል በነበረው ግጭት ብዙ ሆቴል እንግዳ አጥቶ ሠራተኛውን አሰናብቷል። ልጁን የያዘ ወላጅ ከማንም መንገደኛ ይልቅ ፈሪ ነው፤ መሆንም ይገባዋል። ነጋዴ በአጀብ ያልፋል፤ ወጣት ጎብኝ ይደፍራል፤ እናት ግን ከወረታ እስከ ጋሸና ያለውን መንገድ አምና ልጆችዋን በመኪና የምታሳፍረው መንገዱ በእርግጥ የተከፈተ ቀን ነው።

እስከዚያው ሊሠራ የሚችል ሥራ ግን አለ። የጉና ጥብቅ ስፍራ ድንበር ከግጦሽና ከማገዶ ቈራጭ ሊጠበቅ ይቻላል። ጋፋት ላይ መድፉ የፈሰሰበትን ስፍራ ልጅ ሊረዳው በሚችል ቃል የሚገልጽ ሰሌዳ ማቆም ይቻላል። በደብረ ታቦር ያሉ የቤት ባለቤቶች አንድ ሁለት ክፍላቸውን ንጹሕ አድርገው ለእንግዳ እንዲያሰናዱ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት መጸዳጃውንና የውኃ ማጣሪያውን እየመረመረ ፈቃድ ቢሰጣቸው፣ ዩኒቨርሲቲውም ለሴቶችና ለወጣቶች በእንግዳ አያያዝና በሕፃናት ጥበቃ አጭር ትምህርት ቢከፍት፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ትልቅ ሕንፃ መሠረት ያነሰ ወጪ ይፈልጋል። ለመጀመሪያው የቡሄ እንግዳ ሃያ ንጹሕ ክፍል ከተገኘ በቂ ነው፤ የሃያ አንደኛውን ክፍል ነገር የዚያ ዓመት እንግዶች ራሳቸው ይወስኑታል።